ቀብዱ ለኮሌጁ፣ እምነቱ በአሰልጣኙ

በአማርኛ «እግር ኳስ» ሲባል አንባቢ የሚያስበው በክብ ኳስና በአብዛኛው በእግር የሚካሄደውን ጨዋታ በመሆኑ፣ አሜሪካውያን በዚያው ስም የሚጠሩት፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የራስ ቁር የደፉ ተጫዋቾች በአካል የሚጋጠሙበት ስፖርት «የአሜሪካ እግር ኳስ» ተብሎ መለየት ይኖርበታል። ይህ ስፖርት በዓለም ዘንድ የሚታወቀው ከመቶ ሺህ በላይ ተመልካች በሚይዙ ስታዲየሞቹና በሚሊዮን ዶላር በሚቆጠረው የአሰልጣኞች ደመወዙ ቢሆንም፣ ከሚጫወቱት የትምህርት ተቋማት መካከል እጅግ ብዙዎቹ ግን አንድ ወይም ሁለት ሺህ ተማሪ ብቻ የሚያስተምሩ፣ በገጠር ከተሞች የተቋቋሙና ከዓመት ዓመት የተማሪ ቁጥራቸው የሚያሳስባቸው ትናንሽ ኮሌጆች ናቸው። በእነዚህ ኮሌጆች ዘንድ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይቋጭ የቆየው ጥያቄ፣ ለስፖርት ችሎታ ስኮላርሺፕ በማይሰጥበት ቦታ ተጫዋቹን ከኮሌጁ ጋር የሚያስረው ምንድን ነው፣ ተጫዋቹን መልምሎ ያመጣው አሰልጣኝ ሥራውን ሲለቅ ከገባው ቃል ምን ይቀራል የሚለው ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥያቄው ሥር ኮሌጆቹ አባል ከሆኑበት የስፖርት ማኅበር አወቃቀር ይጀምራል። በ1905 በጨዋታው ሳቢያ የሚደርሰው ሞትና ጉዳት የሕዝብ ቁጣ በቀሰቀሰበት ጊዜ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችን ተወካዮች በዋይት ሐውስ ሰብስበው ያነጋገሩ ሲሆን፣ ከዚያ ክርክር በ1906 የተወለደው ድርጅት ዛሬ ኤንሲኤኤ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1973 አባላቱን በሦስት ዲቪዚዮን ከፈለ። በአንደኛው ዲቪዚዮን የላይኛው እርከን አንድ ቡድን ለረጅም ዓመታት እስከ 85 ለሚደርሱ ተጫዋቾች ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችል ነበር፤ በሁለተኛው ዲቪዚዮን የተፈቀደው የ36 ስኮላርሺፕ መጠን ያለው ገንዘብ ለብዙ ተጫዋቾች ተሸንሽኖ ይሰጣል፤ ከ400 በላይ ኮሌጆችን ባቀፈውና ከ230 በላይ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖች ባሉት በሦስተኛው ዲቪዚዮን ግን በስፖርት ችሎታ ምክንያት አንድ ዶላር እንኳ መስጠት ክልክል ነው።

ክልከላው ተጫዋቾች ምንም እርዳታ አያገኙም ማለት አይደለም። የአሜሪካ የግል ኮሌጆች በይፋ የሚያውጁት የትምህርት ክፍያና ተማሪው በእርግጥ የሚከፍለው ገንዘብ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚደረገው ቅናሽ በአማካይ ከተለጠፈው ዋጋ ከግማሽ በላይ ደርሷል። ቅናሹ ከሁለት ምንጭ ይመጣል፤ አንደኛው ፋፍሳ በተባለው የፌዴራል መንግሥት ቅጽ በሚገለጸው የቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ እርዳታ ሲሆን፣ ሁለተኛው በትምህርት ውጤት የሚሰጠው ማበረታቻ ነው። ደንቡ የሚያዘው አሰልጣኙ በዚህ የገንዘብ ውሳኔ ውስጥ እጁን እንዳያስገባና የተጫዋቾች እርዳታ ከሌሎች ተማሪዎች እርዳታ እንዳይበልጥ ነው፤ ኮሌጆችም ይህን ለማረጋገጥ በየዓመቱ ለማኅበሩ ሪፖርት ያቀርባሉ። ስለዚህ በሦስተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት ወጣት በሕግ ዓይን እንደማንኛውም ከፋይ ተማሪ ነው።

ኮሌጆቹ ይህን ስፖርት የሚወዱትም ከፋይ ስለሚያመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአሜሪካ ኮሌጆች ከሚማሩት ከመቶ ወደ 57 የሚሆኑት ሴቶች በመሆናቸው ወንድ ተማሪ ማግኘት ለትናንሽ ኮሌጆች የዘወትር ጭንቀት ነው፤ በዚህ ላይ ከ2007 በኋላ በአገሪቱ የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ማሽቆልቆሉ ከ2025 ወዲህ ከሁለተኛ ደረጃ የሚመረቁትን ወጣቶች ብዛት እንደሚቀንስ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። መቶ ተጫዋች ያለው ቡድን፣ እያንዳንዱ ከቅናሽ በኋላ በዓመት 20,000 ዶላር የሚከፍል ቢሆን፣ ለኮሌጁ 2 ሚሊዮን ዶላር ያስገኛል ማለት ነው፤ ስሌቱ በየኮሌጁ የአስተዳደር ቦርድ ስብሰባ የሚሰማው በዚሁ መልክ ነው። በዚህ እሳቤ በርካታ ኮሌጆች ከነጭራሹ ያልነበራቸውን ወይም ከብዙ ዘመን በፊት የተዉትን ቡድን አቋቁመዋል፤ በ1960 አቋርጦ የነበረው የአርካንሳው ሄንድሪክስ ኮሌጅ በ2013 የተመለሰ ሲሆን፣ የጆርጂያው ቤሪ ኮሌጅ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጓል። ይሁን እንጂ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሠርቶ በ2024 የወጣ ጥናት፣ ቡድን የጨመሩ ኮሌጆች በመጀመሪያ የተማሪ ቁጥር ጭማሪ ቢያዩም ጭማሪው ከአቻዎቻቸው አንጻር የማይዘልቅ መሆኑን አመልክቷል። ስፖርቱ ለብቻው ተቋምን ከሞት እንደማያድንም በ2020 የተዘጋው የኢሊኖይ ማክመሪ፣ በ2023 የተዘጋው የሚሺጋን ፊንላንዲያና በ2024 የተዘጋው የአላባማ በርሚንግሃም ሳውዘርን ይመሰክራሉ፤ ሦስቱም ቡድን ነበራቸው።

ተቃራኒው ሥጋት የሚደመጠው ተማሪ በማያጡት፣ እንዲያውም አመልካች በሚበዛባቸው ኮሌጆች ነው። ዊልያም ቦወንና ጄምስ ሹልማን በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ መራጭ በሆኑ ትናንሽ ኮሌጆች ከወንዶቹ ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ስፖርተኞች መሆናቸውን፣ ስለዚህም ቡድን የማሟላት ግዴታ በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ከሚኖረው ይልቅ በትንሽ ኮሌጅ የቅበላ ውሳኔ ላይ እጅግ እንደሚከብድ አሳይተዋል። የፔንስልቬንያው ስዋርዝሞር ኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኑን በዲሴምበር 2000 የዘጋው ይኸው ክርክር በተጋጋለበት ወቅት ነበር። ምልመላ ሲሳሳ የሚሆነውን ደግሞ የአይዋው ግሪኔል ኮሌጅ በ2019 አሳይቷል፤ ለመሰለፍ የሚችሉት ተጫዋቾቹ 28 ብቻ በመሆናቸው ለደኅንነታቸው ሲባል የዓመቱን ቀሪ ጨዋታዎች ሰርዟል።

ምልመላው ራሱ እንዴት እንደሚካሄድ በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ የአሰልጣኝ መለወጥ የሚያስከትለው ቀውስ የሚገባው በዚያ መንገድ ነውና። መደበኛው ውድድር በሴፕቴምበር መጀመሪያ ተከፍቶ ከ10 ጨዋታ በኋላ በኖቬምበር አጋማሽ ይዘጋል፤ ከ2024 ጀምሮ 40 ቡድኖች ስታግ ቦውል ወደተባለው የፍጻሜ ጨዋታ ወደሚያደርሰው የጥሎ ማለፍ ውድድር ሲያልፉ፣ ለቀሩት ግን የመጨረሻው ፊሽካ በተነፋ ማግስት የምልመላ ወቅት ይጀመራል። እያንዳንዱ ረዳት አሰልጣኝ አንድ ክፍለ ሀገር ወይም የአንድ ትልቅ ከተማ ዙሪያ ተመድቦለት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾችን የጨዋታ ቪዲዮ ሲመለከት፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲነዳ፣ ከወላጆች ጋር በስልክ ሲነጋገር ይከርማል። በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ስሞች የሚጀምረው መዝገብ በየደረጃው እየጠበበ ሄዶ 40 ወይም 50 አዲስ ገቢዎች ላይ ያበቃል። መራጭ ኮሌጆች በዚህ መሐል «ቅድመ ንባብ» የሚባል አሠራር አላቸው፤ ይኸውም አሰልጣኙ የተመልማዩን የትምህርት ማስረጃ ለቅበላ ክፍል አስቀድሞ ልኮ የመግባት ዕድሉን የሚጠይቅበት ነው።

የአንደኛው ዲቪዚዮን ቡድኖች ተጫዋቾቻቸውን በዲሴምበርና በፌብሩዋሪ ስለሚያስፈርሙ፣ የትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝ ዋነኛ ገበያ ከዚያ በኋላ ይደራል፤ የጠበቁት ስኮላርሺፕ ያልመጣላቸው ወጣቶች ስልኩን መመለስ የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነውና። በሦስተኛው ዲቪዚዮን ለፎቶግራፍ ያህል የሚፈረም ወረቀት ቢኖርም ማንንም አያስርም። ቁርጡ የሚለየው ተማሪው በልማድ እስከ ሜይ 1 ለኮሌጁ በሚከፍለው ቀብድ ሲሆን፣ እሱም ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ በመሆኑ ከሜይ እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ቀብዱን ትተው የሚቀሩ ተማሪዎች አሉ፤ የቅበላ ሠራተኞች ይህን «የበጋ መቅለጥ» ይሉታል። በ2024 አዲሱ የፋፍሳ ቅጽ በዘገየ ጊዜ ቤተሰቦች የሚከፍሉትን ሳያውቁ ወራት ስላለፉ፣ ብዙ ኮሌጆች ያንን የሜይ 1 ቀነ ገደብ ለማራዘም ተገድደዋል።

እንግዲህ ገንዘቡን የሚወስነው አንድ ክፍል፣ ቅበላውን የሚወስነው ሌላ ክፍል ሆኖ ሳለ፣ ተማሪው ለወራት የሚያውቀው ፊትና የሚሰማው ድምፅ ግን የአሰልጣኙ ብቻ ነው። አሰልጣኙ ከኮሌጁ የቅበላ ሠራተኞች ሁሉ ውጤታማው ነው ቢባል ትክክል ነው፤ በአንዳንድ ኮሌጆች የሥራ ቅጥር ማስታወቂያ ላይ የሚመለምለው የተማሪ ቁጥር በግልጽ እንደ ግዴታ ይሰፍራል። የሚያሳዝነው የአሰልጣኞች ገበያ የሚደራውም በዚሁ ወቅት መሆኑ ነው። ዋና አሰልጣኞች የሚሰናበቱት በኖቬምበር መጨረሻ ሲሆን፣ በአንደኛው ዲቪዚዮን የተከፈተ አንድ ቦታ ከታች ያለውን ሰው ይስባል፣ እሱም የለቀቀው ቦታ ሌላውን ይስባል፤ የአሰልጣኞቹ ብሔራዊ ማኅበር በየጃንዋሪው የሚያደርገው ጉባኤም ለብዙ ረዳቶች ሥራ መፈለጊያ ነው። የረዳቶቹ ደመወዝ አነስተኛ፣ ውላቸውም ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት በመሆኑ ለመሄድ የሚያመነታ ጥቂት ነው።

የላንስ ላይፖልድ ታሪክ አሰልጣኝ ሲሄድ ለሚሆነው ጥሩ ምሳሌ ነው። ላይፖልድ ራሱ በተጫወተበት በሦስተኛው ዲቪዚዮን ቡድን በዊስኮንሲን ዋይትዋተር ከ2007 እስከ 2014 አሰልጥኖ 109 ጊዜ ሲያሸንፍ የተሸነፈው 6 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ስድስት ብሔራዊ ዋንጫም ወስዷል፤ ከዚያ ወደ ቡፋሎ፣ በ2021 ደግሞ ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ዋና ዋና ረዳቶቹን አስከትሎ ነበር። ዋይትዋተር እሱ ከሄደ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት፣ በ2019 ለፍጻሜ ቢደርስም ተሸንፎ፣ ያንን ዋንጫ አልደገመም። በሌላ በኩል የኢሊኖይ ኖርዝ ሴንትራል ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ጄፍ ቶርን በ2022 ወደ ዌስተርን ሚሺጋን ሲሄድ፣ ኮሌጁ ቦታውን የቀድሞ ተጫዋቹና ረዳቱ ለነበረው ብራድ ስፔንሰር ሰጠ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያም ማውንት ዩኒየንን 28 ለ21 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ማውንት ዩኒየን ራሱ ከ1986 እስከ 2012 ላሪ ኬረስን፣ ከእሱ በኋላ ልጁን ቪንስን ሾሞ 13 ዋንጫ የሰበሰበ ኮሌጅ ነው። ከውስጥ መተካት ለሁሉም ፈውስ ነው ማለት ባይቻልም፣ በጃንዋሪ ቀብድ ሊከፍል ለሚያመነታ ወጣት ግን የሚያውቀውን ድምፅ ያቆይለታል። በሚኒሶታው ሴንት ጆንስ 60 የውድድር ዘመን የቆየውና በ489 ድል የኮሌጅ አሰልጣኞች ሁሉ ቁንጮ የሆነው ጆን ጋግሊያርዲ ዓይነት ሰው ዛሬ ዳግመኛ ይገኛል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ተጫዋቹም ቢሆን ዛሬ የታሰረ አይደለም። የዝውውር መዝገብ፣ ማለትም ሌላ ኮሌጅ የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት የማኅበሩ የመረጃ ቋት፣ በኦክቶበር 2018 ሥራ ጀምሯል፤ የሦስተኛው ዲቪዚዮን ተማሪ ከዚያም በፊት ራሱን በራሱ በሚያሰናብትበት ቅጽ በመሰል ኮሌጅ ካለ አሰልጣኝ ጋር ለ30 ቀን መነጋገር ይችል ነበር። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ መፈቀዱ፣ በ2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነትም ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ መደረጉ በትንሹ ኮሌጅ ኮከብ የሆነን ልጅ ወደ ላይ የሚስብ ኃይል ፈጥሯል። ቀድሞ እንዲህ ያለው ተጫዋች እስከ መጨረሻው በኮሌጁ ይቆይ ነበር፤ ከኒው ዮርኩ ሆባርት ኮሌጅ በ2015 በ61ኛ ምርጫ ወደ ፕሮፌሽናል ሊጉ የገባው አሊ ማርፔት ለዚህ አስረጂ ነው።

በሚኒሶታ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆችም በዚህ ምልመላ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፤ «ኮሌጁ ልጃችሁን ይፈልገዋል» የሚል ስልክ ሲደወልም ነገሩ እንደ ስኮላርሺፕ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ወላጆች ቀብዱን ከመክፈላቸው በፊት የእርዳታ ደብዳቤው በየዓመቱ መታደስ አለመታደሱን፣ ለዚህም ምን ያህል የትምህርት ውጤት እንደሚያስፈልግና ልጁ ከቡድኑ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ለኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ይህን የመወሰን ሥልጣን ደንቡ ለአሰልጣኙ አልሰጠውም።