ጥንታውያን የመጫወቻ መኪናዎችን የመሰብሰብ ፍቅር

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው በተፈጥሮው የመሰብሰብ ፍላጎት አለው። አንዱ የፖስታ ቴምብር፣ ሌላው የጥንት ገንዘብ፣ ሦስተኛው የወፍ ላባ ያከማቻል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለሩቅ ተመልካች እንግዳ የሚመስለው ግን በአውሮፓና በአሜሪካ የተለመደው የመጫወቻ መኪና ስብስብ ነው። ሽበት ያለው ሰው ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ቀለሟ የተላላጠ መኪና ለመግዛት ከከተማ ወደ ከተማ ሲጓዝ ብታዩ «የልጅ ዕቃ ለሽማግሌ ምን ይፈይዳል?» ማለታችሁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን መኪናዎቹ እንዴት እንደተሠሩና ከየት እንደመጡ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

እነዚህ መኪናዎች ቆርቆሮ ተቆርጦና ታጥፎ የተሠሩ አይደሉም። የቀለጠ ማዕድን በብርቱ ግፊት ወደ አረብ ብረት ቅርጽ ማውጫ ገብቶ ሲረጋ የተገኙ ናቸው። ዋናው ማዕድን ዚንክ ሲሆን፣ ጥቂት አሉሚኒየምና ሌሎች ማዕድናት ይቀላቀሉበታል። ዚንክ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብረት የሚቀልጠው ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ዚንክ ግን 420 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። ስለዚህ ቅርጽ ማውጫው ሳይጎዳ ያንኑ መኪና በብዙ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ሊያወጣ ይችላል። ፈሳሹ በየስርጓዱ ስለሚገባም የበሩ እጀታና የመብራቱ ክብ ሳይቀር ጎልቶ ይታያል። የሰብሳቢው ዓይን የሚያርፈው በዚህ ረቂቅ ሥራ ላይ ነው።

በዚህ ሙያ ስመ ጥር ከሆኑት መካከል በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ የነበረው የሜካኖ ኩባንያ አንዱ ነው። መሥራቹ ፍራንክ ሆርንቢ የመጫወቻ ባቡሮችንም ይሠራ ነበር። በ1933 ለባቡሮቹ ማጀቢያ ይሆኑ ዘንድ ትናንሽ መኪናዎችን አወጣ፤ በ1934 ደግሞ ዲንኪ ቶይስ የሚል ስም ተሰጣቸው። ማጀቢያ የነበሩት መኪናዎችም ከጊዜ በኋላ ራሳቸውን ችለው ታወቁ። ኋላ በሰፊው የተለመደው ልክ ከእውነተኛው መኪና 43 ጊዜ ያነሰ ነው። ይኸውም 4 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም መኪና 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

የሁለተኛው ስም ታሪክ ከክብሪት ቀፎ ጋር የተያያዘ ነው። በ1947 ሌዝሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ የተባሉ፣ የአባት ስማቸው አንድ ቢሆንም የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች፣ በለንደን ሌዝኒ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ጃክ ኦዴል የተባለ የቅርጽ ማውጫ ባለሙያም ተጨመረላቸው። የኦዴል ልጅ በምትማርበት ትምህርት ቤት ከክብሪት ቀፎ የሚበልጥ መጫወቻ ይዞ መግባት ክልክል እንደነበረ ይነገራል። አባትየውም በቀፎው ልክ አንዲት ትንሽ ዳምጠው ከነሐስ ሠራላት። የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ስለወደዱት በ1953 «ማችቦክስ»፣ ማለትም «የክብሪት ቀፎ»፣ የተባሉት መጫወቻዎች ለገበያ ቀረቡ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ የሠራው የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት የዘውድ በዓል ሠረገላ ትንሹ ዓይነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። አንድ የትምህርት ቤት ክልከላ ለታላቅ ሥራ መወለድ ምክንያት እንደሆነ ልብ በሉ።

ከዚህ በኋላ ውድድሩ በረታ። በ1956 ኮርጊ የተባሉት መኪናዎች መስኮታቸው በግልጽ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ብቅ አሉ። በ1965 ኮርጊ ያወጣው የጄምስ ቦንድ መኪና ደግሞ አንድ ቁልፍ ሲነካ ተሳፋሪውን አስፈንጥሮ ያወጣ ነበር። በ1968 ማቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሆት ዊልስ የተባሉትን አቀረበ። ቀጭን ዘንግና ሰበቃው አነስተኛ የሆነ መንኰራኵር ስለነበራቸው ከቀደሙት እጅግ ይፈጥኑ ነበር። ይሁን እንጂ የእንግሊዞቹ ድርጅቶች ዘመን አልረዘመም። የሊቨርፑሉ ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ፤ ሌዝኒም በ1982 ከሰረ። በ1997 የማችቦክስ ስም በተፎካካሪው በማቴል እጅ ገባ።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ሰብሳቢውን የሚስበው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ትዝታ ነው። ሰው ልጅነቱን መልሶ ሊያገኘው አይችልም፤ በልጅነቱ የያዘውን ዕቃ ግን መልሶ ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛው ዕውቀት ነው። ከጎዳና የጠፉ የዳቦ ማመላለሻዎች፣ አውቶቡሶችና የእሳት አደጋ መኪናዎች ቅርጻቸው፣ ቀለማቸውና በጎናቸው ላይ የተጻፈው ማስታወቂያ ጭምር በእነዚህ ትናንሽ ሥራዎች ተጠብቆ ይገኛል። ሦስተኛው ፍለጋው ራሱ ነው፤ በቀላሉ የተገኘ ነገር የሚሰጠው ደስታ ጥቂት ነውና።

በዚህ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ለመጫወቻነት የተሠራ መኪና በገበያ እጅግ ውድ የሚሆነው ማንም ሳይጫወትበት ከነካርቶኑ የተቀመጠ እንደሆነ ነው። ልጆች ቀድደው የጣሉት ካርቶን ዛሬ ከመኪናው ባልተናነሰ ይፈለጋል። ልጅ የወደደው መኪና ይጫራል፣ ጎማው ይወልቃል፣ ዋጋውም ይወርዳል። እንግዲህ የገበያ ዋጋና የፍቅር ዋጋ አንድ አይደሉም።

መሰብሰብ ችግርም አለው። አንዳንድ ነጋዴ ያረጀውን መኪና አዲስ ቀለም ቀብቶ እንደ መጀመሪያው አድርጎ ይሸጣል። ከዚህ የባሰው ግን ከውስጥ የሚመጣው ጉዳት ነው። በቀደመው ዘመን ከዚንኩ ጋር ጥቂት እርሳስ ከተደባለቀ ማዕድኑ ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይፈረፈራል። ሙቀትና እርጥበት ጉዳቱን ያፋጥኑታል፤ መድኃኒትም የለውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ጠፍተዋል። የተረፉት ብርቅ የሆኑትም ከፊሉ በዚሁ ሳቢያ ነው።

ከላይ እንደተመለከተው የመጫወቻ መኪና ሰብሳቢ የሚጠብቀው የሠሪዎችን ጥበብ፣ የአንድን ዘመን መልክና የራሱን ትዝታ ነው። ትርፍ ብቻ ፈልጎ የሚሰበስብ ሰው ገበያው ሲወድቅ ባዶ እጁን ይቀራል። ወድዶ የሚሰበስብ ግን ዕቃው ዋጋ ቢያጣም ያወቀው ዕውቀት አይወሰድበትም።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ለመኪናዎቹ መሥሪያ ከብረት ይልቅ ዚንክ የተመረጠው ስለምንድን ነው?
2. «የገበያ ዋጋና የፍቅር ዋጋ አንድ አይደሉም» የሚለውን አባባል ጸሐፊው በምን ማስረጃ ደገፈው?
3. ሰብሳቢውን ይስባሉ ከተባሉት ሦስት ምክንያቶች ይበልጥ የሚያሳምናችሁ የትኛው ነው? ለምን?

ለ. ሰዎች ስለሚሰበስቡት አንድ ዕቃ አሠራሩን፣ ታሪኩንና የሚወደድበትን ምክንያት በቅደም ተከተል የሚገልጽ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።