ቦናን የሚሻገር ተክል

ስለ ጓሮ ኩሬ ተክል የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የመጣው ውሃ ወደ በረዶ ከሚለወጥበት አገር ነው። ተክሉን ከብርድ አስጠልል፣ ሥሩን ከበረዶው በታች አድርግ ይላል። ከያቤሎ በስተምዕራብ፣ ተልተሌ ላይ፣ ይህ ምክር ብዙም አይረዳም። እዚህ ውሃው በረዶ አይሆንም፤ ያልቃል። ቦረናዎች ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው ዝናብ ገነ፣ ቀጥሎ ደመናማውና ቀዝቃዛው ደረቅ ወቅት አዶሌሳ፣ ከዚያ አጭሩ ዝናብ ሃገያ፣ በመጨረሻም ረጅሙ ፀሐይ ቦና። በግቢው ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ሊያረባ ያሰበ ሰው ተክሉን ማሻገር ያለበት ይህን ቦናን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በቆላ ፀሐይ ክፍት ውሃ በቀን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይተናል። በአራት ወር 60 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ከሆነ ኩሬ ከግማሽ በላዩ ሄደ። ዝናቡ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የተረፈው ውሃ ለሰውና ለከብት እንጂ ለአበባ የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ኩሬው አንድ ቀን ጨርሶ እንደሚደርቅ ቆጥሮ መትከል ያዋጣል። የሚመረጠው ተክልም ሁልጊዜ ለምለም የሆነው ሳይሆን፣ ሲደርቅ የሞተ መስሎ ውሃ ሲመጣ የሚነሳው ነው።

እንዲህ ያሉ ተክሎች በቆላው ዝናብ ሠራሽ ኩሬዎች ውስጥ ድሮም አሉ። አፖኖጌቶን የሚባለውን ወገን እንውሰድ፤ አንዱ ዝርያ በሳይንስ ስሙ «አቢሲኒኩስ» ተብሎ በእኛው አገር ስም ተሰይሟል። ኩሬው ሲደርቅ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ጭቃው ይሰነጠቃል፣ እሱ ግን ከሥር በአኮራቹ (እንደ ድንች ባበጠው ሥረ ግንዱ) ተኝቶ ይቆያል። ማርሲሊያ የሚሉት ባለአራት ቅጠል የውሃ ፈርን ከዚህም ይብሳል፤ ዘር መሰል ስፖሩን የሚይዘው ጠንካራ ከረጢት በደረቅ ጭቃ ውስጥ አሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከሁሉም የሚያምረው ሰማያዊው የውሃ ሊሊ ነው፤ የጥንት ግብፃውያን በግድግዳቸው ላይ የሣሉት። ጠዋት ይከፈታል፣ ከሰዓት በኋላ ይከደናል፣ ሰፊ ቅጠሉም ለዓሣው ጥላ ይሆናል። ውሃው ሲሸሽ እሱም ወደ አኮራቹ ይሰበሰባል። እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

ዓሣም ውስጥ ይህ ብልሃት አለ። ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ባሉ ወቅታዊ ኩሬዎች ኖቶብራንኪየስ የሚባሉ ትናንሽ ዓሣዎች ከድርቁ በፊት እንቁላላቸውን ጭቃ ውስጥ ጥለው ይሞታሉ፤ ልጆቹ በሚቀጥለው ዝናብ ይፈለፈላሉ። ቆሮሶና አምባዛ ይህን አይችሉም። አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል በደፈረሰ ጥቂት ውሃ ትንሽ ይቆያል፤ ቆሮሶን ግን ውሃው ሳያንስ አውጥቶ መብላት ነው።

የማይመረጠውን ደግሞ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን፣ አበባው ሐምራዊና ለዓይን የሚማርክ ስለሆነ በብዙ አገር የገባው በጌጥ ተክልነት ነው። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ላይ ታየ፤ በ2011 ጣና ላይ። ውርጭ በሚወርድበት አገር ብርዱ በየዓመቱ ይገድለዋል፤ እንዲያም ሆኖ የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ሽያጩን አግዷል። እዚህ የሚገድለው ብርድ የለም። ኩሬው ቢደርቅ እንኳ ዘሩ ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ በሕይወት ሳለ ደግሞ በቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ክፍት ውሃ ከሚተነው ይበልጣል። በቦና ለሚሰጋ ሰው ከዚህ የባሰ እንግዳ የለም። ፊላም ለትንሽ ኩሬ አይሆንም፤ ቦናን ይሻገራል፣ ግን ውሃውን ጠጥቶ ነው፤ ሾጣጣ ሥረ ግንዱም ጂኦሜምብሬን (ውሃ እንዳይሰርግ ወለሉ ላይ የሚነጠፈውን ፕላስቲክ) ሊበሳ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። ጂኦሜምብሬን የተነጠፈበት ኩሬ ወለሉ አፈር ስለሌለው ተክሉ ዕቃ ይፈልጋል። አሮጌ ጀሪካን አፉን ሰፋ አድርጎ መቁረጥ፣ ጎኑን መብሳት፣ ግማሹን ጥቁር አፈር መሙላት፣ አኮራቹን ቡቃያው ወደ ላይ ሆኖ መቅበር፣ ከላይ ጠጠር መደርደር። ጠጠሩ ለጌጥ አይደለም፤ ቆሮሶ ለመራቢያ ጉድጓድ ስለሚምስ አፈሩን ያወጣዋል። ቅጠሉ የውሃውን ፊት ከግማሽ በላይ እንዲሸፍን አይፈቀድለትም፤ ተክል ሌሊት ኦክስጅን ስለሚወስድ ዓሣው ንጋት ላይ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ሥር የወባ ትንኝ እጭም ይደበቃል፣ ዓሣው አይደርስበትም። ከሌላ ኩሬ የመጣ ተክል ደግሞ መጀመሪያ በሳፋ ውሃ ለብቻው ይቀመጥ፤ የብልሃርዝያ ቀንድ አውጣ የሚጓዘው በቅጠሉ ጀርባ በተለጠፈ እንቁላል ነውና።

ቦረናዎች ሀሮ በሚሉት ኩሬ ከብት ዘው ብሎ አይገባም፤ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል፣ ውሃው ናኒጋ ወደሚባለው ገንዳ ተቀድቶ ከብቱ እዚያ ይጠጣል፣ ተራውንም አባ ሄረጋ የሚባለው የውሃ ኃላፊ ያስጠብቃል። የግቢ ኩሬም ከዚህ አጥሩን ቢወርስ አይጎዳም፤ አንዲት የተጠማች ፍየል የዓመት ልፋት በአንድ ከሰዓት ትጨርሳለች።

ውሃው ከጀሪካኑ አፍ በታች ሲወርድ ጀሪካኑን አውጥቶ ጥላ ሥር ማኖር፤ ቅጠሉ ይድረቅ፣ አፈሩ ግን እርጥበት ይያዝ። ጀሪካን ለማቆየት ውሃ ከሌለ አኮራቹን ነቅሎ፣ አጥቦ፣ እርጥብ አሸዋ በሞላ እንስራ ውስጥ መቅበር ይበቃል፤ በየሳምንቱ አንድ እፍኝ ውሃ ጠብ ማድረግ ነው። የበሰበሰ፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ይጣላል። የመጀመሪያው የገነ ጎርፍ አፈርና ፋንድያ ይዞ ስለሚመጣ ያልፍ ዘንድ ይተዋል። ኩሬው ሲሞላ ጀሪካኑ በአንዴ ወደ ጥልቁ አይወርድም፤ ቅጠሉ ፊቱን እስኪያገኝ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና፣ ሲያድግ በስንዝር በስንዝር ድንጋዩ እየተቀነሰ ይወርዳል።