እህል ከተነሳ በኋላ ያለው ማሳ

ቦንጋ አካባቢ አንድ የገበሬ ጓሮ ገብቶ እንሰቱ ሥር ጫር ጫር ያደረገ ሰው ጥቁር፣ ልል፣ የመሬት ትል የማይጠፋበት አፈር ያገኛል። አጠገቡ ያለው የበቆሎ ማሳ ሲቆፈር ግን ቀይና ጠጣር ነው። ልዩነቱ የመጣው ከአያያዝ ነው። የበረቱ ፍግ፣ አመዱ፣ የዶሮው ኩስ፣ የቤቱ ጥራጊ የሚደፋው ጓሮ ላይ ነው፤ እንሰቱም ክረምት ከበጋ መሬቱን ያለብሰዋል። ማሳው ግን እህሉ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ እስከሚቀጥለው ዘር ራቁቱን ይቀመጣል።

ካፋ ዝናብ አያጣም። ጫካውንና ቡናውን ያኖረው ይኸው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ይወስድና አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ከማዕድኑ እየሟሟ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፈረሱንም አስሮ ይይዘዋል። በውድ የተገዛው ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ እያለ በቆሎው ይራባል። ኖራ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ማን ተሸክሞ ያደርሰዋል?

ስለዚህ ባዶውን ጊዜ በጥራጥሬ መሸፈን ተገቢ ነው እላለሁ። አንድ የአደንጓሬ እግር ነቅለው ሥሩን ይመልከቱ፤ ትንንሽ እባጮች አሉበት። አንዱን በጥፍርዎ ሲሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰደ ለተክሉ እየመገበ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ሥራ ላይ አይደለም፤ አሲዱ የበረታበት አፈርም ባክቴሪያውን ያዳክመዋል።

ግብጦ የተባለውን ጥራጥሬ የማነሳው ለዚህ ነው። የአዊና የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ሌላ ሰብል እምቢ ባለው መሬት ላይ ያለ ማዳበሪያ ይዘራዋል። ፎስፈረስ ሲያጥረው እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የተጠቀጠቁ ሥሮች ያበቅላል፤ ከእነሱም ሲትሪክ አሲድ ይወጣና የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል። በበግ ማሻሻያ ሥራው ስሙ የታወቀው የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ግብጦን በካፋ አፈር ላይ በሰፊው ቢፈትሸው ምንኛ ደስ ባለኝ!

እህል ከተነሳ በኋላ መሬትን አለማስተኛት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የፎገራ ገበሬ ሩዙን ሲያነሳ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ያበቅላል። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ ለእኔ ምርጫው ሽምብራ ነው።

እህሉ በተነሳበት ማሳ ላይ ዶሮ ቢለቀቅስ? በጃፓን ታካኦ ፉሩኖ የተባለ ገበሬ ውሃ በተኛበት ሩዝ ውስጥ ዳክዬ እየለቀቀ አረምና ተባይ ያስለቅማል። ዶሮ ውሃ ውስጥ አይገባም። ከቦንጋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባለው ጉራፈርዳ ግን ሩዙ በዝናብ፣ ውሃ ሳይተኛበት የሚበቅል ስለሆነ፣ ቃርሚያው ላይ ዶሮ ቢለቀቅ የወደቀውን ፍሬ፣ የተባዩን እጭና የአረሙን ዘር እየለቀመ ኩሱን እዚያው ይጥላል። ችግሩ ጊዜው ነው፦ እርጥበቱ ሳያልፍ የተዘራውን ሽምብራም ጭሮ ይበላዋል። ስለዚህ ዶሮው የሚገባበትን ቁራሽ ማጠር፣ ወይም ቡቃያው እስኪጠና መከልከል ግድ ነው።

በዶሮ ቤት ውስጥ የሚጠራቀመው ኩስ ትኩሱን ሥር ላይ ከተደረገ ያቃጥላል። ከጭድ ወይም ከቡና ገለባ ጋር ተደባልቆ፣ ረጠብ ብሎ መብላላት አለበት። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ አሞኒያ ነው፤ ለማሳው የታሰበው ናይትሮጅን እየተነነ ነውና ቶሎ ገለባ ይጨመርበት። ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ ከገባ ደግሞ የመንደሩን ዶሮ በጥቂት ቀናት ይጨርሳል፤ ክትባቱ ከዘሩ እኩል ይታሰብበት።