ነባር ቤት ላቦራቶሪ ሲሆን

ነባር ሕንፃን ለላቦራቶሪ የማዋል ሥራ ከሩቅ ሲታይ ጠረጴዛና ማይክሮስኮፕ ማስገባት ይመስላል፤ ባለሙያውን የሚያደክመው ግን በግድግዳውና በጣሪያው ውስጥ የሚያልፈው አየር፣ ውሃና ኤሌክትሪክ ነው። በመኖሪያ ቤት አየር እንዳሻው ይዘዋወራል፤ በትንፋሽ የሚተላለፉ ተሕዋስያን በሚራቡበት ክፍል ግን በሩ ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ እንዳይፈስ፣ የክፍሉ ግፊት ከመተላለፊያው ዝቅ እንዲል ይደረጋል።

ኮቪድ 19 በ2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተጀመረው ምርመራ ወደ ክልል ላቦራቶሪዎችና ዩኒቨርሲቲዎች የተስፋፋው አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ ሳይጠበቅ ነበር። ለምርመራው የሚያገለግለው ፒሲአር የተባለው ዘዴ የቫይረሱን ዘረመል ብዙ ሚሊዮን ጊዜ የሚያባዛ በመሆኑ፣ ከተባዛው ቅንጣት ጥቂት እንኳ ወደ ኋላ ተመልሶ ንጹሕ ናሙና ቢነካ ጤነኛው ሰው ታማሚ ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ኬሚካሉ የሚዘጋጅበት፣ ናሙናው የሚከፈትበትና ማባዣው የሚቆምበት ክፍል ተለያይተው፣ ሥራው ከንጹሑ ወደ ተበከለው ብቻ እንዲሄድ ይደረጋል፤ በአንድ መተላለፊያ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የድሮ ክፍሎች ለዚህ ሥርዓት በቀላሉ አይገዙም።

አሮጌ ቤት ለምርምር ይበቃል ለማለት፣ ማሪ እና ፒየር ኪዩሪ ራዲየምን ከማዕድኑ የለዩት ቀድሞ አስከሬን ይመረመርበት በነበረ፣ ጣሪያው በሚያፈስ የፓሪስ መጋዘን ውስጥ ነው እየተባለ ይነገራል። ይህ ግን ለተመራማሪዎቹ ጽናት እንጂ ለቤቱ ምስክር አይሆንም፤ የሥራ ማስታወሻዎቻቸው ዛሬም ጨረር ያመነጫሉ።

በቀድሞው የባቡር መስመር ላይ የምትገኘውን አፍደምን በመሰለ ቆላ ደግሞ የመጀመሪያው ፈተና ሙቀት ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚያገለግለው ጂን ኤክስፐርት ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ እንዲሠራ የተሠራ መሣሪያ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግንብ የቀኑን ሐሩር ያዘገያል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ካልተሸፈነ ውለታውን ያጠፋዋል፤ ማቀዝቀዣዎችም ራሳቸው ሙቀት ወደ ክፍሉ ይተፋሉ።

ስለዚህ የሚሞቀውና የሚንቀጠቀጠው ዕቃ፣ ማለትም ጄኔሬተሩና በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን፣ ከነባሩ ቤት ጎን በሚሠራ ተቀጥላ ቤት ቢቀመጥ ይሻላል። የተቀጥላው መሠረት ከነባሩ ጋር በአንድ ጊዜ ስለማይረጋ፣ ሁለቱ ግንቦች ሳይያያዙ በመካከላቸው ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱም አቧራ እንዳያስገባ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይደፈናል። የላቦራቶሪው መስኮትም በአቧራው ምክንያት ከታሸገ፣ መብራት በሄደ ቁጥር የክፍሉ አየርና ቅዝቃዜ በዚያ ጄኔሬተር ላይ ይንጠለጠላል።