የጫካ ቡናና የበረሃው ዪዒብ

አንድ ተክል ሊጠፋ ነው ሲባል ነገሩ ሁሉ አንድ ይመስለናል። ነገር ግን የአጠፋፉ ምክንያት ልዩ ልዩ ነው፤ መድኃኒቱም እንዲሁ። ይህንንም ለመረዳት በአገራችን የሚያብቡ ሁለት ተክሎችን እናነጻጽር።

የጫካ ቡና በከፋ፥ በኢሉባቦርና በአካባቢያቸው ደኖች፥ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። ዝናብ ባገኘ በጥቂት ቀን ውስጥ መዓዛው የሚጣፍጥ ነጭ አበባ ያወጣል። ሶማሌዎች ዪዒብ የሚሉት ደግሞ በኦጋዴንና በሶማሊያ ደረቅ ቆላ የሚገኝ ቁጥቋጦ ነው። አበባው ቢጫ፥ ፍሬው እንደ ለውዝ የሚበላ ነው። ቅጠሉን ያሸ ሰው እጁ ይቀላል።

የቡናው ጠላት የደኑ ጠላት ነው። ደኑ ለእርሻ ሲመነጠር ቡናውም አብሮ ይሄዳል። «ቡና በየጓሮው ሞልቶ የለምን?» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ሞልቷል፤ ይሁን እንጂ በዓለም የተበተነው የአረቢካ ቡና በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ዛፎች የተራባ ስለ ሆነ እርስ በርሱ እጅግ ይመሳሰላል። በ1971 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የሚቋቋሙት ዛፎች የተገኙት ከዚሁ ከአገሩ ቡና ነው።

ዪዒብን የሚጎዳው ግን የራሱ ጥቅም ነው። በድርቅ ጊዜ የራበው ሰው ፍሬውን ለቅሞ ይጨርሰዋል፤ ለዘር የሚወድቅ አይተርፍም። ችግኙ አስቀድሞ ሥር ስለሚሰድ ቁመቱ ቶሎ አያድግም፤ እስኪያድግም ከብት ይግጠዋል።

በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። የሁለቱም ዘር እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ደርቆ በጎተራ ለብዙ ዓመት አይቆይም። ስለዚህ በቁሙ መጠበቅ አለበት። ለቡናው በጅማ አጠገብ በጮጬ ሕያው የዛፍ ስብስብ አለ፤ የከፋና የያዩ ደኖችም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል።

እንግዲህ ለቡናው ደኑን መጠበቅ፥ ደኑን ለሚጠብቀውም ገበሬ ከዋጋው ማካፈል ያስፈልጋል። ለዪዒብ ግን አጥር ብቻውን አይበቃም። የራበውን አርብቶ አደር «አትብላ» ማለት አይቻልምና፥ በድርቅ ዓመት እህል በጊዜው ቢደርስለት ለዘር የሚሆን ፍሬ ይተርፋል። ስለ ተክል ጥበቃ በምንከራከርበት ጊዜ ስለ ሰውየው ራትም አብረን ልንጠይቅ ይገባናል።