«የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢንቮይስ ሲመጣ

ኤመሪቪል ውስጥ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ ሱቅ አለዎት እንበል። ጤፍ የሚልክልዎ የአይዳሆ አከፋፋይ እንደ ወትሮው ኢንቮይሱን በኢሜይል ልኳል። ዋጋው ልክ ነው፤ የከረጢቱ ብዛት ልክ ነው፤ አርማውም ያው የሚያውቁት ነው። ከግርጌው ግን «የባንክ ሂሳባችን ስለተቀየረ ክፍያውን በዚህ ቁጥር ያስገቡልን» ይላል። እርስዎም 4,800 ዶላር ይልካሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አከፋፋዩ ደውሎ «ምነው ክፍያው ዘገየ?» ይልዎታል።

ይህ ዓይነቱ ሌብነት ትልልቆቹን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስልዎ። ኤፍ ቢ አይ በ2023 ብቻ በንግድ ኢሜይል መጭበርበር 21,489 አቤቱታ የደረሰው ሲሆን፣ የተዘረፈውም ገንዘብ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሌባው ብዙውን ጊዜ ከሻጭና ከገዢ የአንዱን ፓስወርድ ሰርቆ ደብዳቤያቸውን ሲያነብ ይከርምና ልክ በክፍያው ሰሞን ብቅ ይላል። ወረቀቱ እውነተኛ የሚመስለውም ለዚህ ነው፤ አንዳንዴማ እውነተኛው ራሱ ነው፣ የተለወጠው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለዚህ መላ ካበጁለት ቆይተዋል። የንግድ ሰነድን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር መላክ ኢ ዲ አይ ይባላል። በ1979 አሜሪካ ውስጥ ኤክስ 12 የተባለ ኮሚቴ ተቋቁሞ የሰነዶቹን የጋራ ቅርፅ ማውጣት ጀመረ፤ ዛሬ የግዢ ትእዛዝ 850፣ ኢንቮይስ ደግሞ 810 በሚል ቁጥር ይታወቃል። ቀድሞ ሰነዱ የሚያልፈው በግል መስመር ስለነበረና የመስመሩ ባለቤት በፊደሉ ብዛት ስለሚያስከፍል ለትንሽ ነጋዴ የሚቀመስ አልነበረም። በኢንተርኔት በምስጢር ለመላክ ቀድመው ከሞከሩት አንዱ የእኛው ጎረቤት ነው፤ ኮንኮርድ ከተማ ይገኝ የነበረው ፕሪሜኖስ የተባለ ድርጅት በ1995 ቴምፕላር የሚባል ፕሮግራም ለገበያ አቀረበ። በ2002 ደግሞ ዋልማርት አቅራቢዎቹ ኤ ኤስ 2 በሚባለው ዘዴ በኢንተርኔት እንዲልኩለት ሲጠይቅ ነገሩ ተስፋፋ።

ኤ ኤስ 2 እንዲህ ነው የሚሠራው። ላኪው እሱ ብቻ በያዘው የምስጢር ቁልፍ ሰነዱ ላይ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ፊደል ብትነካ ፊርማው አልቀበልም ይላል። ቀጥሎም ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳይከፍተው አድርጎ ይቆልፈዋል። ሦስተኛውና በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደረሰኙ ነው፤ የተቀባዩ ኮምፒዩተር የደረሰው ሰነድ የተላከው ራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ የተፈረመ ደረሰኝ ይመልሳል። «አልደረሰኝም» ብሎ መካድ የለም። የአደራ ደብዳቤ አስፈርሞ እንደማስረከብ ይቁጠሩት።

እዚህ ላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ ሁለቱ ወገኖች ቁልፍ የሚለዋወጡት ንግዱ ከመጀመሩ በፊት፣ ተዋውቀው መሆኑን ነው። ይህን ያለ ምንም ፕሮግራም እርስዎም ሊያደርጉት ይችላሉ። ከእያንዳንዱ አከፋፋይ ጋር ሰላም በሆነበት ቀን ስልክ ተለዋውጠው ደብተር ላይ ይጻፉ። የሂሳብ ቁጥር ተቀየረ የሚል መልእክት በመጣ ቁጥር በዚያ ስልክ ይደውሉ፤ ኢሜይሉ ላይ ባለው አይደውሉ፣ የሚያነሳው ሌባው ሊሆን ይችላልና። የታክሲ ባለቤት ከሆኑም የኢንሹራንስ ወይም የጋራዥ ሂሳብ በዚሁ መንገድ ይመጣል፤ ጥንቃቄው ያው ነው። ከከፈሉ በኋላ «ገንዘቡ ደርሶኛል» የሚል መልስ ሳያገኙ ፋይሉን አይዝጉ። ለኢሜይልዎም ከፓስወርዱ በተጨማሪ በስልክዎ የሚመጣ ቁጥር እንዲጠይቅ ያድርጉት።

እንጀራ ጋግረው ለትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ለማቅረብ ያሰቡ ካሉ፣ ገዢው «ኢ ዲ አይ አላችሁ ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ስለሚችል አይደንግጡ። በወር ክፍያ ሰነዱን በእርስዎ ምትክ የሚያስተላልፉ ድርጅቶች አሉ። የውል ዘመኑንና በየሰነዱ የሚጨመረውን ዋጋ ሳያነቡ ግን አይፈርሙ።

«ኢሜይል እኮ ወረቀት አይደለም» የሚሉ አሉ። በካሊፎርኒያ ከጥር 2000፣ በፌዴራል ደረጃ ደግሞ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር መጨረሻ በተፈረመው ሕግ መሠረት አንድ ውል ወይም ፊርማ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አያጣም። በአገር ቤትም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል። ስለዚህ የተላላኩትን ሁሉ አያጥፉ፤ ክርክር ቢነሳ ማስረጃዎ እሱ ነው።

ገንዘቡ ሄዶ ከሆነስ? ቅዳሜም ቢሆን፣ ሱቅዎ ሰው ሞልቶም ቢሆን ያኑኑ ለባንክዎ ይደውሉና የተላከው ገንዘብ እንዲመለስ ይጠይቁ። ወዲያው ደግሞ አይ ሲ ስሪ በሚባለው የኤፍ ቢ አይ የኢንተርኔት ወንጀል ማመልከቻ ማዕከል አቤቱታዎን በኢንተርኔት ያስገቡ፤ የላኩበትን ቀን፣ መጠኑንና የተቀባዩን የሂሳብ ቁጥር ይዘው ይቅረቡ። ገንዘቡ ከዚያ ሂሳብ ወደ ሌላ ከማለፉ በፊት ካልተያዘ የማግኘቱ ነገር እያደር ይጠብባል።