የኮልፌው ሠልጣኝና መውጫ ቀን የሌለው እስራት

በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር አንድ ቁመተ ረጅም እንግዳ ከአገራችን መኰንኖች ዘንድ የተኩስና የጦር ትምህርት ይማሩ ነበር። እኒህም ደቡብ አፍሪካዊው ጠበቃ ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። ትምህርቱ ለ6 ወር የታሰበ ነበር፤ ዳሩ ግን ሳይፈጸም ድርጅታቸው በቶሎ እንዲመለሱ ጠራቸው።

አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይሰነብቱ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ። መጀመሪያ 5 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ከዚሁ ውስጥ 2ቱ ዓመት ያለ ፓስፖርት ከአገር ወጥተዋል በመባላቸው ነበር። እንግዲህ ወደ እኛ የመጡበት መንገድ ራሱ ወንጀል ሆኖ ተቈጠረባቸው ማለት ነው። ሰኔ 5 ቀን 1956 ዓ.ም. ደግሞ ከ7 ጓደኞቻቸው ጋራ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው።

የዚያን ጊዜው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ለፖለቲካ እስረኞች አመክሮ አይሰጥም ነበርና ዕድሜ ልክ ሲባል እስከ መቃብር ማለት ነበር። በ1977 ዓ.ም. የትጥቅ ትግሉን ቢክዱ እንደሚለቀቁ ተነገራቸው፤ እንቢ አሉ። ከ27 ዓመት እስራት በኋላ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ወጡ። በ1987 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆነው የሕገ መንግሥቱን ፍርድ ቤት ሲከፍቱ፣ ከዚያ በፊት ችሎት ፊት የቆሙት ሞት ይፈረድባቸው እንደ ሆነ ለመስማት እንደ ነበረ ለዳኞቹ አስታወሱ። ያው ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የሞትን ቅጣት ሻረ።

«ማንዴላ እኮ የፖለቲካ ሰው እንጂ ነፍሰ ገዳይ አልነበሩም» የሚል አንባቢ አይታጣም። እውነቱን ነው፤ ክርክሩም የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የአመክሮ ተስፋ ሳይኖራቸው ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው ሰዎች ከ50 ሺህ ይበልጣሉ። ይህ ቅጣት እንዲቀር ከሚሟገቱት መካከል አንዱ የፔንሲልቬንያው ሚስተር ሳሊም ሆልብሩክ ናቸው። ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳሉ በተፈጸመ የግድያ ወንጀል ተካፍለሃል ተብለው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 እና በ2008 ዓ.ም. በልጅነታቸው ለተፈረደባቸው በር ስለ ከፈተ፣ 27 ዓመት ታስረው በ2010 ዓ.ም. ተፈቱ። ዛሬ የሚሟገቱት ውስጥ ለቀሩት ነው።

በእኛ አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 202፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ በር እጅግ የተፈተነው በደርግ ባለሥልጣኖች ጉዳይ ነው። የሃይማኖት አባቶች አማልደውላቸው በ2003 ዓ.ም. የ23ቱ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ 20 ዓመት ፈጽመው ስለ ነበረም በመስከረም 2004 ዓ.ም. ብዙዎቹ በአመክሮ ወጡ። ልጆቻቸው ለተገደሉባቸው እናቶች ይህ ቀላል ወሬ አልነበረም፤ ኀዘናቸውንም ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ለእነዚህ የተከፈተ በር ለማን ሊዘጋ ነው?

ሕጉ ምሕረት በነፃ አያድልም። እስረኛው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን፣ ያደረሰውን ጉዳት እንደ አቅሙ መካሱን ያያል። ይህን ከሚያነቡት ወጣት ሹማምንት አንዳንዶቹ ነገ በማረሚያ ቤት ተመድበው የእስረኛውን የ20 ዓመት ጠባይ ጽፈው ለፍርድ ቤት የሚያቀርቡ ይሆናሉ። እነርሱ ቢዘገዩ እስረኛው ራሱ ማመልከት ይችላል።